የመኪና ባትሪ ያለ ዕድሜው ለምን ይሞታል?

(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከመካከላችን መኪና ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ መኪና ያልገፋ ግን የሚገኝ አይመስለኝም። «ልጆች፣ እስቲ ትንሽ ግፉልኝ» የተባልን እንደ ሆነ ደብተራችንን ለጓደኛ አስይዘን እንገፋለን። ሞተሩ ሲነሣ ባለመኪናው እጁን በመስኮት አውጥቶ ያመሰግነንና ይሄዳል፤ በማግሥቱም ተመልሶ ይመጣል። ባትሪው አርጅቷል ይሉታል። እኔ ግን አብዛኛውን ባትሪ የሚገድለው ዕርጅና ሳይሆን አያያዝ ነው እላለሁ።

ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የእርሳስ ባትሪን የሠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1859 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በብዙው መኪና ውስጥ የምናገኘውም በመሠረቱ ያው ነው። ስድስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱም ከ2 ቮልት ጥቂት የሚበልጥ ኃይል ይሰጣል። በየክፍሉ ውስጥ ፕሌት የሚባሉት የእርሳስ ዝርግ ሰሌዳዎች በውኃ በቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ተነክረው ይኖራሉ። ኃይል ሲወጣ አሲዱ ወደ እርሳሱ ገብቶ በፕሌቱ ላይ ሰልፌት የሚባል ደቃቅ ነገር ይሆናል፤ የቀረው ፈሳሽም ወደ ውኃነት ይጠጋል። ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ ሰልፌቱ ይፈታና አሲዱ ወደ ውኃው ይመለሳል። ይህን የያዘ ሰው የቀረውን ራሱ ሊደርስበት ይችላል።

ድስት ወጡ እንደ ወጣለት ቢታጠብ በቀላሉ ይጠራል፤ ሦስት ቀን ከሰነበተ ግን መፋቂያም አይበግረውም። ባትሪም ባዶውን ሲከርም ሰልፌቱ ይጠጥራል፤ ከዚያ ወዲያ ቻርጅ ቢደረግ የሚፈታው ከፊሉ ብቻ ነው። ስለዚህ መኪናውን ለክረምት አቁሞ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ባትሪውን ያስሞላ፤ የኔጌቲቩንም ገመድ ይፍታ። ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ሰዓታት በኋላ ሲለካ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ያህል ነው፤ ከ12 በታች ከወረደ ግን ለነገ የሚባል አይደለም። አሞላሉም በዝግታ ይሁን፤ 60 አምፔር ሰዓት ለሚይዝ ባትሪ 6 አምፔር ይበቃዋል። ቶሎ ይድረስ ተብሎ ብዙ ኃይል ሲለቀቅበት ይሞቃል፤ ፕሌቱም ይጎዳል።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ልምጣ። ከባትሪ የሚጎድለው ውኃ ነው እንጂ አሲድ አይደለም። ውኃው በሙቀት ይተናል፤ በቻርጅ ጊዜም ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተለይቶ በአየር ይወጣል፤ አሲዱ ግን ይቀራል። ስለዚህ የሚጨመረው የተጣራ ውኃ ብቻ ነው፤ እንደ ድሬዳዋ ባለ ቆላ አገርም ቶሎ ቶሎ ማየት ያስፈልጋል። የቧንቧ ውኃ ጨውና ማዕድን ስላለበት አይሆንም። ነገር ግን አንዳንድ ባትሪ ሞዮች «ጉልበት ይሰጠዋል» እያሉ አሲድ ይጨምሩበታል። እውነትም ለጥቂት ቀን ሞተሪኖው ፈጥኖ ይዞራል፤ ሾፌሩም ደስ ይለዋል። በውስጥ ግን የበረታው አሲድ ፕሌቱን ይበላዋል። የአሲዱን ክብደት የሚለካው ሃይድሮሜትርም ሙሉ ሳይሆን ሙሉ ነው እያለ ይዋሻል። ባትሪው ሲሞት አሲዱን የጨመረው ሰው አይጠየቅም፤ ባለ ታክሲው የብዙ ቀን ገቢውን አውጥቶ አዲስ ይገዛል። ይህ ነገር እኔን በጣም ያናድደኛል። ክዳኑ የማይከፈት ባትሪ ቢያንስ ከዚህ ተርፏል።

ስለ አደጋው ዝም ብዬ አላልፍም። ያ የሚወጣው ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ ከመቶ 4 እጅ ከደረሰ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል፤ ከፈነዳም አሲዱ ወደ ፊት ይረጫል። ዓይን ውስጥ የገባ እንደ ሆነ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚወርድ ውኃ እያጠቡ ወዲያው ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ገመድ ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቀድማል፤ ሲታሰር ደግሞ መጨረሻ ይሆናል። ፖዘቲቩን ስትፈቱ መፍቻው የመኪናውን ብረት ቢነካ ኔጌቲቩ ካልተፈታ እሳት ይወጣልና። ከሌላ መኪና ኃይል በገመድ ስትወስዱም የመጨረሻውን ጫፍ ከባትሪው ራቅ ካለ የሞተር ብረት ላይ እሰሩት እንጂ በደካማው ባትሪ ላይ አይሁን።

«በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና እየመጣ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል ይኖራል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ግን ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ እርሱ ከወረደ ትልቁ ሙሉ ሆኖ ሳለ መኪናው አይነሣም። ያንን ደግሞ መግፋት አይረዳም።

ከአንድ ጋራዥ የተዋስኩት አሮጌ ባትሪና ሃይድሮሜትር ከአዳራሹ ውጭ ተቀምጠዋል። ጥያቄ ያላችሁ ከስብሰባው በኋላ እዚያው እየለካን እንነጋገራለን፤ የምታጨሱ ግን ሲጋራችሁን አጥፍታችሁ ኑ።