ጓሳን ማን ጠበቀው? ዘበኛው ወይስ ባለቤቱ?

(በመሐል ሜዳ ከተማ ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



ለመሐል ሜዳ ሰው ስለ ጓሳ ማውራት ድፍረት ነው። የመጣሁት ግን ላስተምር ሳይሆን ጥያቄ ይዤ ነው። በደጋው አገራችን ስንቱ ተራራ ተራቁቶ አለቱ ሲያገጥጥ ጓሳ እንዴት ተረፈ? መንግሥት ዘበኛ አቁሞለት ነው? አይደለም። ባለቤት ስለነበረው ነው።

ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ጓሳ የአስቦና የጌራ ወገኖች አጽመ ርስት ነበር። ሥርዓቱ ቄሮ ይባላል። ሕዝቡ አባ ቄራ ይመርጣል፤ ሣሩ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይከለከላል፤ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ ከዚያ መልሶ ይዘጋል። ያለ ቀኑ ማጭድ ይዞ የገባ ይቀጣል። ሕዝቡ የቤት ክዳኑን፣ ገመዱንና ጌሳውን አገኘ፤ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳውም በዚያው ተጠልለው ኖሩ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ?

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገ። አዋጁ የጭሰኛውን ቀንበር ሰብሯል፤ ይህን የሚክድ የለም። ከአስቦና ከጌራ ዘር ባለመሆኑ ጓሳ የተከለከለውም ሰው በሩ ተከፈተለት። ነገር ግን ቄሮው አብሮ ፈረሰ። ጓሳ ለመውሰድ የሁሉም፣ ለመጠበቅ የማንም ሆነ። «እኔ ብተወው ሌላው ያጭደዋል» ያለ ሁሉ ማጭዱን ስሎ ገባ።

ደርግ ሄደ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ። ለመሆኑ የሕዝቡ ድርሻ የትኛው ነው? ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ጋሬት ሃርዲን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1968 በጻፈው ጽሑፍ የጋራ ግጦሽ መጥፋቱ አይቀርም ብሎ ነበር። መድኃኒቱም ወይ መንግሥት ይያዘው፣ ወይ ለግል ይሰጥ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ኤሊኖር ኦስትሮም ግን ሦስተኛ መንገድ እንዳለ አሳየች፦ ተጠቃሚው ራሱ ሕግ አውጥቶ፣ ራሱ ጠብቆና ቀጥቶ የጋራ ሀብቱን ማኖር ይችላል። የመንዝ ሰው ይህን ያወቀው ያለ ኖቤል ነው!

«ገበያው ይጠብቀዋል» የሚሉም አሉ። ከፊል እውነት አላቸው። ወላይታ ውስጥ ሁምቦ ላይ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በኅብረት ሥራ ማኅበራት እጅ አገግሞ፣ ደኑ የያዘው ካርቦን ለዓለም ባንክ ፈንድ ተሽጧል። ልብ በሉ! ማኅበራቱ በቦታው የመጠቀም መብት ባይኖራቸው ኖሮ ምን ይሸጡ ነበር? መብት የሌለው ሰው ገበያ ቢወጣ ተመልካች ነው።

ገበያ ብቻውንም አይበቃም። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ወዲህ አገሪቱ በጦርነት ስትታመስ ቱሪስቱ ሸሸ። ቆርቆሮ የሣር ክዳንን ቦታ በወሰደ ቁጥር የጓሳው ዋጋ ይወርዳል። ወደ ዓባይና ወደ አዋሽ ለሚወርደው ውኃ ደግሞ ከታች ያለው ጠጪ ለጓሳ ጠባቂ ሲከፍል አላየንም። ታዲያ ገንዘቡ በቀረ ቀን ማን ይጠብቀው? የኔ ነው የሚል ብቻ!

ጓሳ ይሸጥ እያልኩ አይደለም። ቢሸጥ የሚገዛው የመንዝ ገበሬ እንዳልሆነ እናውቃለን። ክልሉ በ2004 ዓ.ም. ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ብሎ በሕግ አውቆታል፤ መልካም ነው። ዕውቅናው ግን ጥርስ ይኑረው። የሚከፈትበትን ቀን ሕዝቡ ይቁረጥ፤ አጥፊን የሚቀጣው ውሳኔ በቢሮ አይሻር፤ ገቢና ወጪው በአደባባይ ይነበብ። መሬት ያልደረሰው ወጣትም ከጥቅሙ ይካፈል፤ አለዚያ ማጭድ ይዞ በሌሊት የሚገባው እሱ ነው፤ አይፈረድበትም።

ካለባለቤቱ አይነድም እሳቱ። ባለቤቱ እናንተ ናችሁ፤ ወረቀቱም ይህንኑ ይናገር።