ከብጣሽ ጨርቅ የበዓል ጌጥ ስለ መስፋት
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በስፌት ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ በዚህ አዳራሽ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በገመድ ተሰቅሎ የምታዩት ባለ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ አንዱም ከሱቅ የተገዛ አይደለም። ገሚሱ የተቀደደ አንሶላ፥ ገሚሱ ያለቀ ቀሚስ፥ አንዳንዱም የአሮጌ ነጠላ ጥለት ነበረ። ይህ ጌጥ እንዴት እንደሚሰፋ፥ ይልቁንም የትኛውን አሮጌ ጨርቅ መቀስ ሊነካው እንደሚገባና የትኛውን እንደማይገባ ጥቂት እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ደስ ብሎናል።

ስለ ጨርቅ ለአቃቂ ሰው ማውራት ለቀባሪ ማርዳት ይመስላል። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በኢትዮጵያና በህንድ ሽርክና እዚሁ የተቋቋመው፥ በኋላም በ1967 ዓ.ም. መንግሥት የወረሰው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከዚህ ሰፈር ብዙ ሰው በፈረቃ አሠርቷል። ስለዚህ ብጣሽ ስንሰበስብ ከየቤቱ ሣጥን የወጣው ጨርቅ ባለቤትም ታሪክም ነበረው። የአንዲት ጓደኛችን አያት በመጀመሪያ ደመወዛቸው የገዙትን የአቡጀዲ አንሶላ አውጥተው ዘረጉልን። መካከሉ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፍ ነበር፤ ዳርና ዳሩ ግን ገና ጠንካራ ነው። ከእኛ አንዳንዶቹ ጠንካራው ለስፌት ይመቻል ብለን ወደ ዳሩ ስናይ፥ «አይሆንም ልጆቼ፤ እሱ ገና ሕፃን ያለብሳል። ያለቀውን ውሰዱ» አሉን።

ክበባችን ሕግ ያደረገው ይህንኑ ቃል ነው። ሰው ሊለብሰው የሚችል ጨርቅ ለጌጥ አይቆረጥም። በተለይ ጥለቱ በእጅ የተሠራ ሙሉ የአበሻ ቀሚስ፥ ቢያረጅም እንኳ፥ ሸማኔው ስንት ቀን ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ እንደ ሠራው ማሰብ ይገባል። የሳሳውንስ? ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ማየት፥ ከዚያም በሁለት እጅ ይዞ አንድ ጊዜ በድሩ አንድ ጊዜ በማጉ መሳብ ነው። ድምፅ አሰምቶ ከተቀደደ ለመወልወያ ይሁን፤ ከቻለ ግን ሌላ ጨርቅ ከጀርባው ተደርቦለት ብዙ ዓመት ያገለግላል። ነጠላም እንዲሁ ካልተደረበለት ቅርጹን አይዝም።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ጨርቁ ሁሉ አስቀድሞ ይታጠባል፤ ቀለሙን የሚለቅ ቀይ ከነጭ ጋር ተሰፍቶ በኋላ ቢታጠብ ጉዳቱ ለሁለቱም ነውና። ከካርቶን ላይኛው ጐን 20፥ ቁመቱ 24 ሳንቲሜትር የሆነ ሦስት ማዕዘን ይቆረጣል። ይህን ልክ በጨርቁ ላይ አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች እያደረጉ ቢያሰምሩ ብዙ አይባክንም። የሦስት ማዕዘኑ መካከል በድሩ አቅጣጫ ቢሆን ጨርቁ ሲሰቀል አይጣመምም። ሁለቱን ቁራጭ ፊት ለፊት ገጥሞ፥ በመርፌ ወስውሶ፥ ሁለቱን ጐን መስፋት፤ የላይኛውን መተው። ጫፉን ጥቂት ቆርጦ መገልበጥና መተኰስ ነው። ከዚያም አምስት ሳንቲሜትር ስፋት ያለው የአቡጀዲ ጥብጣብ ለሁለት ታጥፎ የላይኛውን ጠርዝ ይነክሳል። ሲሰፋ እያንዳንዱ ወደ 18 ሳንቲሜትር ስለሚወርድ፥ 20 ቁራጭ በመካከላቸው አምስት አምስት ሳንቲሜትር ትተን፥ በሁለቱም ጫፍ ለማሰሪያ 40 ሳንቲሜትር ጨምረን፥ 5 ሜትር ከ35 ሆነልን። የስፌት መኪና የሌለው በእጁ ይስፋ፤ እኛም ብዙውን የሰፋነው በእጅ ነው። ወንዶች ጓደኞቻችን መርፌ የሴት ነው ሲሉ እንሰማለን፤ ከሸማኔው እስከ ልብስ ሰፊው በአገራችን ይህን ሥራ ወንድ ይዞት እንደ ኖረ ለምን ይረሳሉ?

አንዳንዶች ደግሞ፥ «በእንግዳ ፊት እራፊ መስቀል ድህነትን ማሳየት አይሆንም ወይ?» ብለውናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ እራፊ የሚለው ቃል ራሱ ችግርን ያስታውሳልና። ነገር ግን ቀዳዳ ለመሸፈን ተጣድፎ የተለጠፈ አንድ ነው፤ ተመርጦ፥ ታጥቦ፥ በልክ የተሰፋ ሌላ ነው። በአሜሪካ በአላባማ ጂስ ቤንድ በምትባል መንደር ጥቁር ሴቶች ያለቀ የሥራ ልብስ እየገጣጠሙ ለብርድ የሚደርቡትን ልብስ ይሰፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ያ ሥራቸው በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ለሕዝብ ታየ።

ይልቅ የሚያሳፍረውስ ፕላስቲኩ ነው። ለጥምቀት በየመንደሩ ከሚሰቀለው ጌጥ ብዙው ዛሬ ፕላስቲክ ነው። ፀሐይ ያደርቀዋል፥ ነፋስ ይበጣጥሰዋል፤ ክረምት ሲገባ ጐርፍ ወደ አቃቂ ወንዝ፥ ወንዙም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወስደዋል። የእኛ ጌጥ ግን ነገ ይወርዳል፤ ይታጠባል፥ ተተኵሶም እስከሚመጣው በዓል በሣጥን ይቀመጣል።

የአያትየዋ አቡጀዲ ከበሩ በላይ ከግራ በኩል ሦስተኛውና አራተኛው ነው፤ ስትወጡ ቀና ብላችሁ እዩልን። በቤታችሁም ያለቀ ጨርቅ ያላችሁ ወላጆች አጥባችሁ በልጆቻችሁ እጅ ብትልኩልን በምስጋና እንቀበላለን። ደኅናውን ግን አትላኩ፤ መልሰን እንልከዋለን።