አንጋፋ የሥነ ትምህርት ፕሮፌሰር ለምርምር ዩኒቨርሲቲ፤ አመራረጡና አያያዙ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ በዚህ ርእስ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ «መሐንዲስ ስለ ሥነ ትምህርት ፕሮፌሰር ቅጥር ምን አገባው?» ያሉኝ ወዳጆች ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ከሁሉ አስቀድሜ መልስ እሰጥበታለሁ።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ያስመረቋቸውን ወጣቶች በሥራ ቦታ የምንረከባቸው እኛ ነን። አንድ አዲስ ምሩቅ ወደ ግንባታ ሥራ ሲመጣ የካንቲሊቨር ቢምን ሞመንት በወረቀት ላይ ያለ እንከን ያሰላል። ነገር ግን በረንዳው አርማታ ሊሞላ ተዘጋጅቶ ሳለ ዋናው ፌሮ ከላይ ነው ወይስ ከታች የሚታሰረው ተብሎ ቢጠየቅ የሚያመነታ ጥቂት አይደለም። ቀመሩን ያውቀዋል፤ ቀመሩ የሚናገርለትን በረንዳ ግን በዓይነ ኅሊናው አያየውም። ፌሮው ያለ ቦታው ታስሮ ቢሞላ ደግሞ የሚወድቀው በረንዳው ብቻ ሳይሆን በላዩ የቆመው ሰው ጭምር ነው። ወጣቱ ሰነፍ አይደለም፤ አስተማሪውም ሙያውን የማያውቅ ሰው አይደለም። እንግዲህ በማወቅና በመረዳት መካከል ያለው ይህ ክፍተት ከየት መጣ? እንዴትስ ይደፈናል? ይህን በዘዴ የሚመረምር የዕውቀት ዘርፍ አለ፤ እርሱም ሥነ ትምህርት ነው። የሥነ ትምህርት ፕሮፌሰር ጉዳይ የእኛም ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። እኛ መሐንዲሶች ምሰሶ የምናቆመው የሚሸከመውን ጭነት ካሰላን በኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲም አንጋፋ ምሁር ከመፈለጉ በፊት ምሁሩ የሚሸከሙትን ሥራ መወሰን፣ ለዚያም ሥራ የሚሆነውን መሠረት ማዘጋጀት ይገባዋል። ይህ ካልተደረገ ቅጥሩ ዩኒቨርሲቲው ለስሙ የሚያቆመው ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ለዚህ አብነት የሚሆን አንድ የውጭ አገር ታሪክ ላንሳ። ካርል ዋይማን የተባሉት አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ በ2001 እ.ኤ.አ. ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። እኚህ ሰው ከሽልማቱ በፊትም በኋላም ተማሪዎች ፊዚክስን እንዴት እንደሚማሩ ይመረምሩ ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. በካናዳ የሚገኘው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ትምህርትን የማሻሻል ሥራ እንዲመሩ አስመጣቸው። ልብ ልንለው የሚገባው ዩኒቨርሲቲው ያስመጣበትን መንገድ ነው። ለሥራው 12 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር መደበ። ገንዘቡም በአንድ ቢሮ ሥር አልተቀመጠም፤ የትምህርት ክፍሎች «ይህን ኮርስ በዚህ መንገድ እናሻሽላለን» የሚል ዕቅድ አቅርበው በውድድር እንዲያገኙት ተደረገ። በየክፍሉም በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪ ወይም በሥነ ሕይወት የሠለጠኑና የማስተማርን ዘዴ ጠንቅቀው ያጠኑ ወጣት ባለሙያዎች ተመድበው ከነባሮቹ መምህራን ጎን ሠሩ። በ2010 እ.ኤ.አ. ዋይማን ለአሜሪካ መንግሥት ሥራ ተጠርተው ሲሄዱ ሥራው አልቆመም፤ ሰውየው ቢሄዱም መሠረቱ በየትምህርት ክፍሉ ተጥሎ ነበርና። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ክፍልና በትምህርት ኮሌጅ በጣምራ ፕሮፌሰርነት ቀጠራቸው።

ይህ ሥራ ምን ፍሬ አስገኘ? በ2011 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት በዚያው የካናዳ ዩኒቨርሲቲ በአንድ የፊዚክስ ኮርስ እያንዳንዳቸው ከ260 በላይ ተማሪዎች ያሏቸውን ሁለት ክፍሎች አነጻጽሯል። ለአንድ ሳምንት ያህል አንዱን ክፍል በተማሪዎች ዘንድ የተመሰገኑ ነባር ፕሮፌሰር በተለመደው ገለጻ አስተማሩ። ሌላውን ክፍል የያዘው ልምድ የሌለው ወጣት ነበር፤ ነገር ግን በጥናት በተደገፈው ዘዴ የሠለጠነ ስለሆነ ተማሪዎቹን በጥያቄ፣ በቡድን ውይይትና በፈጣን ግብረ መልስ አስተማረ። በሳምንቱ መጨረሻ በተሰጠው አንድ ዓይነት ፈተና የመጀመሪያው ክፍል አማካይ ውጤት ከመቶ 41፣ የሁለተኛው 74 ሆነ። የአንድ ሳምንት ሙከራ ብቻውን እንደ መጨረሻ ማስረጃ አይወሰድም ይባል ይሆናል፤ እኔም እስማማለሁ። ሆኖም በ2014 እ.ኤ.አ. በሳይንስ፣ በምሕንድስናና በሒሳብ ትምህርት ላይ የተደረጉ 225 ጥናቶች በአንድነት ሲመረመሩ፣ በገለጻ ብቻ በሚማሩ ክፍሎች ከመቶ 34 ያህሉ ሲወድቁ፣ በአሳታፊ ዘዴ በሚማሩት የወደቁት ከመቶ 22 ያህል መሆናቸው ታውቋል። በአንድ የአርማታ ድብልቅ ላይ ይህን ያህል የጥንካሬ ልዩነት ብናገኝ የቀድሞውን ድብልቅ አንድ ቀን አናሳድረውም ነበር።

ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። ትምህርትን ያጠና ምሁር በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ሲይዝ ማየት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከተቋቋመ በኋላ የትምህርት ፋኩልቲውን በዲንነት የመሩት ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ፣ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ፈጽመው የተመለሱ የትምህርት ምሁር ነበሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅተዋል፤ ኋላም በዓለም ባንክ የትምህርት መምሪያን መርተዋል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ፣ አብዛኞቹም በትምህርት ቤት እያስተማሩ ያገለግሉ ነበር። በዚህም ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹ የሚመጡበትን ትምህርት ቤት በዓይኑ የሚያይበት መንገድ ነበረው።

የባሕር ዳር ነገር ደግሞ እኛን በይበልጥ ይመለከታል። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመው ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩትና በ1960ዎቹ አጋማሽ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ትብብር የተጀመረው የሥነ ትምህርት አካዳሚ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው አንድ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ሕዝቡ ዛሬም ሁለቱን ግቢዎች «ፖሊ»ና «ፔዳ» እያለ ይጠራቸዋል። ምሕንድስናና ሥነ ትምህርት በአንድ ፕሬዚዳንት ሥር፣ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሐይቅ ዳር ተቀምጠዋል። ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ የት ይገኛል? የምሕንድስና ትምህርት ራሱን የቻለ የምርምር ዘርፍ ሆኖ በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል የተቋቋመለት በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ሁለቱን ወገኖች በአንድ ጣሪያ ሥር ያገኘነው ከዚያ በፊት ነበር፤ የቀረን በሁለቱ ግቢዎች መካከል ድልድይ የሚሆን ምሁር ማቆም ነው።

ጉዳዩ የሚቆይ አይደለም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከመቶ 70 የሚሆነው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ በመወሰኑ የምሕንድስና ክፍሎቻችን በአጭር ጊዜ ሞሉ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ በዚህም የተነሣ ዩኒቨርሲቲዎች የማካካሻ ትምህርት እንዲሰጡ ግድ ሆነ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተመራቂው የመውጫ ፈተና ይፈተናል። እነሆ መግቢያውም መውጫውም ተመዘነ፤ በመካከሉ ባለው የመማሪያ ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ግን በበቂ ሁኔታ የሚመረምርልን የለም። ከ1996 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ለመምህራን የሚሰጠው የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም መልካም ሐሳብ ነበር፤ ሆኖም የምሕንድስናን ይዘት ከማስተማር ጥበብ ጋር አዋሕዶ የሚያጠና አንጋፋ ምሁር ከጀርባው ካልቆመ ሥልጠናው የምስክር ወረቀት ማሟያ ወደ መሆን ያዘነብላል።

እንግዲህ ቅጥሩ እንዴት ይሁን? በበኩሌ አምስት ነገሮችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ጭነቱ ይታወቅ። ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱና የትምህርት ኮሌጁ በአንድነት ተቀምጠው ፕሮፌሰሩ ወይም ፕሮፌሰሯ በአምስት ዓመት ውስጥ የሚመረምሩትን ችግር በአንድ ገጽ ይጻፉ። ለምሳሌ «የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች በመካኒክስ ኮርስ ለምን ይወድቃሉ? ያለፉትስ ምን ተረድተው አለፉ?» የሚል ጥያቄ ይበቃል። «የዩኒቨርሲቲውን ደረጃ ከፍ ለማድረግ» የሚል ሐረግ ግን ሥራ አይደለም፤ ምኞት ነው።

ሁለተኛ፣ ወንበሩ የሚቀመጥበት ቦታ ይለይ። ምሁሩ በትምህርት ኮሌጅ ብቻ ቢቀመጡ መሐንዲሱ አይሰማቸውም፤ በምሕንድስና ብቻ ቢቀመጡ ከሙያ ባልደረቦቻቸው ይነጠላሉ። ስለዚህ ቅጥሩ የጣምራ ይሁን፤ የሥራ ግምገማውንና የማስተማር ድርሻውን ሁለቱም ወገኖች አስቀድመው በጽሑፍ ይፈራረሙበት። ጌታው ሁለት የሆነ ሠራተኛ ውሉ ካልተጻፈለት እጥፍ ሥራ ይሠራል፤ ምስጋናውን ግን ከሁለቱም አያገኝም።

ሦስተኛ፣ መመዘኛው ይታረም። የአስመራጭ ኮሚቴ አባላት የታተሙ ጽሑፎችን ቁጥር ከመደመር ይልቅ ሦስት ወይም አራት ሥራዎችን አንብበው ይወያዩባቸው። የሚጠየቀውም፣ ምሁሩ የተማሪዎችን መረዳት በእርግጥ ለክተዋል ወይ? የጥናታቸው ውጤት አንድን ኮርስ ለውጧል ወይ? ያሠለጠኗቸው ወጣቶችስ ዛሬ የት ደረሱ? የሚል ይሁን። ከተለመደው የምሁራን ገለጻ በተጨማሪም ዕጩው አንድ ሙሉ ሰዓት የእኛን የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ያስተምሩ፤ በሌላም ቀን የእኛን መምህር ትምህርት ሲሰጥ ተቀምጠው ይመልከቱና ያዩትን ይንገሩን። ድልድይን ሳይመረምር ስለ ድልድይ የሚናገርን ሰው እንደማንቀጥር ሁሉ፣ ክፍላችንን ሳያይ ስለ ክፍላችን የሚወስን ምሁርም አይጠቅመንም።

አራተኛ፣ ስንቁ ይዘጋጅ። ሁለት ወይም ሦስት ወጣት ተመራማሪዎች፣ መጠነኛ የምርምር ገንዘብ፣ የተማሪዎችን የፈተና ወረቀትና የውጤት መዝገብ የማየት ፈቃድ፣ ከሁሉም በላይ ጊዜ ያስፈልጋል። ታላቅ ምሁርን አክብሮ ጠርቶ ወዲያው በአስተዳደር ሥራና በስብሰባ መቅበር የተለመደ በሽታችን ነው። ማሽን አስመጥቶ የመብራት መስመር ያልዘረጋ ፋብሪካ ማሽኑ አልሠራም ብሎ ሊያማርር አይችልም።

አምስተኛ፣ ፍትሕ ይጠበቅ። ውድድሩ በአገር ውስጥ ላሉት፣ በውጭ ለሚኖሩት ኢትዮጵያውያንና ለውጭ አገር ዜጎች እኩል ክፍት ይሁን። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ በቅጥርና በደመወዝ ረገድ የተሻለ ነፃነት ስለሚሰጥ ዕድሉን መጠቀም ይቻላል። ነገር ግን በአነስተኛ ደመወዝ፣ በብዙ ተማሪና በጥቂት መጻሕፍት ዕድሜውን ሙሉ ሲያስተምር የኖረው የአገር ቤት ምሁር፣ እንግዳው ከሩቅ ስለመጣ ብቻ ብዙ እጥፍ ሲከፈለው ካየ ቅሬታው ትክክለኛ ነው፤ ከሚያዝን ባልደረባ ጋር ደግሞ ማንም ሰው ሥራ አይሠራም። የክፍያው ልዩነት በሥራው ክብደት እንጂ በአየር መንገድ ትኬቱ ርዝመት አይለካ።

«ይህን ለሚያህል ቅጥር ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ለዚህ የምመልሰው በምሕንድስና አቆጣጠር ነው። በአንድ ኮርስ ወድቆ ዓመቱን የሚደግም ተማሪ የመኝታ፣ የምግብና የመምህር ወጪ ሁለት ጊዜ ይወጣበታል። ተመርቆ ሥራውን በሥራ ቦታ እንደገና የሚማር ወጣት ደግሞ ወጪው ወደ እኛ መሥሪያ ቤቶች ይዞራል። ይህን ሁሉ እየከፈልን ነው፤ ግን በየመዝገቡ ተበታትኖ ስለሚገኝ አይታየንም። የአንድ ወንበር ወጪ የሚያስደነግጠን በአንድ መስመር ላይ ስለተጻፈ ብቻ ነው።

የእኛስ ድርሻ ምንድን ነው? ዩኒቨርሲቲዎች በ2013 ዓ.ም. በተልዕኳቸው ሲለዩ ስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለዋል። ማኅበራችን ከእነዚህ ቢያንስ ከአንዱ ጋር ተነጋግሮ ሦስት ነገሮችን ሊያቀርብ ይችላል። አባሎቻችን የሥራ ቦታቸውን ለጥናቱ ይክፈቱ፤ አዲስ ምሩቃን በየትኛው ሥራ እንደሚያመነቱ በየዓመቱ በጽሑፍ ያስታውቁ፤ በአማካሪ ጉባኤ የምንቀመጥ አባላትም ጭነቱ ሳይጻፍ ስም ብቻ ለሚፈልግ ቅጥር ድምፃችንን አንስጥ። ይህ ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ በታላቅ ስም ፊት ዝም ማለት ይቀላልና።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ የዛሬው የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በፊርማው በረንዳ ያሠራል። ፌሮው ከላይ የሚታሰርበትን ምክንያት በውል ተረድቶ እንዲወጣ የሚያስተምሩትን ሰዎች የሚያስተምር ሰው እንፈልጋለን። እንዲህ ያለውን ሰው ስናገኝ ሥራውን ለይተን፣ መሠረቱን አዘጋጅተን እንቀበለው።