የመጨረሻው 300 ሜትር
በግራና ለተመራቂ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

ውድ ተመራቂዎች!

ዛሬ ስለ አንድ ሯጭ ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። ምሩፅ ይፍጠር ይባላል። ወላጆቻችሁ «ማርሽ ቀያሪው» ሲባል ወዲያው ያስታውሱታል። እናንተ ግን ስሙን ሰምታችሁ ታሪኩን ያልሰማችሁ ትበዛላችሁ። የዘገየ ዕድል የጠፋ ዕድል እንዳልሆነ እንደ እሱ በሕይወቱ ያሳየ ኢትዮጵያዊ ስፖርተኛ አላውቅም። እናንተም ብዙ ነገር የዘገየባችሁ ልጆች ናችሁና ታሪኩ የእናንተ ነው።

ምሩፅ በ1936 ዓ.ም. በአዲግራት ተወለደ። በወጣትነቱ በፋብሪካ ሠርቷል፤ ጋሪም ነድቷል። የሩጫ ተሰጥኦው የታወቀለት አየር ኃይል ከገባ በኋላ ነበር። ቁመቱ አጭር፣ ሰውነቱ ቀጭን፣ ራሱም በለጋነቱ የተመለጠ ስለነበር ከጎኑ ለውድድር የሚሰለፉ ፈረንጆች ብዙም አይፈሩትም ነበር። የመጨረሻው ዙር ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። የረጅም ርቀት ሯጭ ሆኖ ሳለ በመጨረሻዎቹ 300 ሜትሮች እንደ አጭር ርቀት ሯጭ ይፈተለካል።

የዚህ ሰው ዝና የጀመረው በስህተት ነው። በ1963 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በደርሃም ከተማ፣ የአፍሪካና የአሜሪካ ቡድኖች ሲወዳደሩ በ5000 ሜትር ስቲቭ ፕሪፎንቴይንን ጥሎ ሄደ። ያለቀ መስሎት ቆመ። አንድ ዙር ይቀር ነበር፤ ድሉም ለአሜሪካዊው ሆነ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስበት አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ምሩፅ ግን በዚያው ውድድር በ10,000 ሜትር ተሰልፎ አሜሪካዊውን ፍራንክ ሾርተርን አሸነፈ።

በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘ። ወርቁን የወሰደው ወድቆ ተነስቶ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን ነበር። የ5000 ሜትሩ ማጣሪያ ሲደርስ ደግሞ ምሩፅ በሰዓቱ መነሻው ላይ አልተገኘም፤ ዕድሉ አመለጠው። ኦሎምፒክ በአራት ዓመት አንዴ ነው። አራት ዓመት ጠብቆ፣ በብቃቱ ጫፍ ላይ ሆኖ የ1968ቱ ሞንትሪያል ደረሰ። ያን ጊዜ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ አፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ በመሄዱ የአፍሪካ አገሮች ውድድሩን ለቀው ወጡ፤ ኢትዮጵያም አብራ ወጣች። አቋሙ ትክክል ነበር። ዋጋውን የከፈሉት ግን አትሌቶቹ ናቸው። ምሩፅ ሌላ አራት ዓመት ተጨመረበት።

ልጆቼ፣ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ለአንድ ሯጭ ስምንት ዓመት ምን ማለት ነው? ለብዙው ሯጭ ሙሉ የስፖርት ዕድሜው ነው። ሰዎች አርጅቷል አሉ። ስንት ዓመትህ ነው እያሉ ሲያስቸግሩት፣ ዶሮዬንም በጌንም ሊሰርቁኝ ይችላሉ፣ ዕድሜዬን ግን ማንም አይሰርቀኝም ብሎ እንደመለሰላቸው ይነገራል። በእነዚያ ዓመታት ሥራውን አልተወም። በ1969 ዓ.ም. በዱሰልዶርፍ፣ በ1971 ዓ.ም. በሞንትሪያል በተካሄዱት የዓለም ዋንጫ ውድድሮች በ5000ም በ10,000ም ሜትር አሸነፈ። ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱንም ርቀት።

ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. ሞስኮ። የ10,000 ሜትር ፍጻሜ። ምሩፅና የቡድን ጓደኞቹ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ እየተቀባበሉ ፍጥነቱን ከፍና ዝቅ አደረጉት። የሙኒኩ ጀግና ቪረን ወደ ኋላ ቀረ። 300 ሜትር ሲቀር ምሩፅ ተፈተለከ፤ የደረሰበትም አልነበረም። በ27 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ የኦሎምፒክ ባለ ወርቅ ሆነ፤ መሐመድ ከድር ነሐስ ወሰደ፤ ቶሎሳ አራተኛ ወጣ። በአምስተኛው ቀን፣ ሐምሌ 25፣ የ5000 ሜትር ፍጻሜ ተካሄደ። በመጨረሻው ዙር ምሩፅ በሯጮች መካከል ተከበበ፤ መውጫ አጣ። ከፊቱ የነበረው መሐመድ ከድር 300 ሜትር ሲቀር ወደ ጎን ብሎ መንገዱን ለቀቀለት። ምሩፅም ሁለተኛውን ወርቅ ይዞ ወጣ።

የሁለቱ ወርቆች ታሪክ ሲነገር መሐመድ ከድር እንዳይረሳ አደራ እላለሁ። እሱ ለራሱም መሮጥ ይችል ነበር። ዛሬ ካባ የለበሳችሁ ሁሉ መንገድ የለቀቀላችሁ ሰው አለ፤ ከማሳ ተመልሳ ደብተር የገዛች እናት፣ እሱ ትምህርቱን አቋርጦ እናንተን ያስተማረ ወንድም፣ ደመወዝ ሲዘገይ ክፍሉን ያልለቀቀ መምህር። ከዚህ ስትወጡ ሄዳችሁ አመስግኗቸው። ነገ ተራው ሲደርሳችሁ ደግሞ ለሌላው መንገድ ልቀቁ።

የዚያ ቡድን አሰልጣኝ ንጉሤ ሮባ ነበሩ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በተካፈለችበት፣ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን፣ በ100 ሜትር የሮጡ ሰው ናቸው። በራሳቸው እግር ሜዳሊያ አላገኙም። ያወቁትን ግን ይዘው አልቀሩም፤ ለሌሎች ሰጡት። ሁሉም ሰው አሸናፊ አይሆንም፤ የተማረ ሁሉ ግን አሸናፊ ማፍራት ይችላል። በመካከላችሁ መምህር የምትሆኑ ይህን አስቡ።

የምሩፅ ድል በሬዲዮ ሲተላለፍ በአርሲ ገጠር አንድ ሕፃን ያዳምጥ ነበር፤ ኃይሌ ገብረሥላሴ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1993 ዓ.ም.፣ ኃይሌ በሲድኒ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር ያሸነፈው በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነበር። በዚያው ኦሎምፒክ በወንዶች 100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ በወጡት መካከል የነበረው ልዩነት ከዚህ ይበልጥ ነበር። ምሩፅ ወርቅ ባገኘበት በዚያው የሞስኮ ስታዲየም ደግሞ በነሐሴ 2005 ዓ.ም. የ19 ዓመቱ መሐመድ አማን በ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የኢትዮጵያ ልጅ ፍጥነት የለውም ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው።

ምሩፅ የኋላ ዘመኑን በካናዳ አሳለፈ፤ ታኅሣሥ 13 ቀን 2009 ዓ.ም. በቶሮንቶ አረፈ፤ አስከሬኑም ወደ አገሩ መጥቶ በአዲስ አበባ ተቀበረ። በአዲግራት ተወልዶ ለሁላችንም ሮጠ። ያን ጊዜ በየሬዲዮው ዙሪያ የተሰበሰበው ሕዝብ የሯጩን የትውልድ ቦታ አልጠየቀም።

ተመራቂዎች፣ የእናንተን መንገድ አውቃለሁ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ወደዚህ ሲደርስ ትምህርታችሁ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላም ሰላሙ ሙሉ ሆኖ አልተመለሰም። እኩዮቻችሁ በሌላ አካባቢ ሲማሩ እናንተ ተሰደዳችሁ፣ ተደበቃችሁ፣ የሞተ ቀበራችሁ። ዘገየን ብላችሁ ታዝኑ ይሆናል። የዚህ የግራና ሸለቆ ማሽላ ዝናብ ሲዘገይበት ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል እንጂ ተስፋ አይቆርጥም። ምሩፅም በስምንቱ ዓመት ያደረገው ይህንኑ ነው። የተዘረፈው ውድድር እንጂ ልምምዱ አልነበረም። የእናንተም የተቋረጠው ትምህርት ቤት እንጂ አእምሯችሁ አይደለም። አብሽሩ!

አብሽሩ ስል ግን ተቀመጡ ማለቴ አይደለም። የመጨረሻው 300 ሜትር ሰው ሁሉ የሚያጨበጭብበት ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን 9,700 ሜትር በደንብ ያልሮጠ ግን እዚያ የሚፈተለክበት ጉልበት የለውም። ዩኒቨርሲቲ የምትገቡ መጽሐፉን ከፈተና በፊት ክፈቱ። ውጤት ያልመጣላችሁ ሙያ ተማሩ፤ የቆቦ ግራና ሸለቆ ውኃና አፈር ያለው አገር ነው፣ መስኖ የሚያውቅ፣ ፓምፕ የሚጠግን፣ ፍራፍሬ በዘዴ የሚያለማ ወጣት ይፈልጋል። በስደት መንገድ ላይ ሕይወታችሁን ለደላላ አትስጡ።

ለሐብሩ ወረዳ ኃላፊዎችና ለወላጆችም አንድ ልመና አለኝ። ኢትዮጵያ በ100 እና በ200 ሜትር የኦሎምፒክ ሜዳሊያ አግኝታ አታውቅም። የቦቆጂ ከተማ የረጅም ርቀት ሯጮችን ያፈራችው ልጆቹን የሚያይና የሚያሰለጥን ሰው ስለነበራት ነው። በዚህ ሞቃት ሸለቆ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት የሚሽቀዳደሙ ልጆች መካከል ማን እንዳለ ማን ያውቃል? አንድ ለጥ ያለ ሜዳ ከልሉላቸው፤ ጊዜ የሚለካ አንድ የስፖርት መምህር መድቡላቸው፤ ሴት ልጆቻችሁንም ከሩጫው አታስቀሩ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ልጅን ቆሞ የሚያይ ትልቅ ሰው ነው።

ልጆቼ፣ ዕድሜያችሁን ማንም አልሰረቃችሁም። በእጃችሁ ያለውን በደንብ ሥሩበት፤ በሩ ሲከፈት ዝግጁ ሆናችሁ ተገኙ። ፈጣሪ አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ።