ለጥጃ ስለሚሰጥ ማሟያ መኖ
(በሊሙ ገነት ለገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ቡና ሳይሆን ስለ ጥጃ ነው፤ ቡናው ግን ወደ ኋላ መምጣቱ አይቀርም። ጥጃዋ የሞተባት ላም ወተቷን ስለምትከለክል ጉዳቱ እጥፍ መሆኑን እናንተው ታውቁታላችሁ።

የጥጃ ሆድ ሲወለድ ገና እንደ እናቱ አይደለም። የላም ሆድ አራት ክፍል ሲሆን፣ ሣር የሚብላላበት ትልቁ ጨጓራ በጥጃው ዘንድ ትንሽና ሥራ ፈት ነው። የጠባው ወተት ይህን አልፎ በቀጥታ ወደ አራተኛው ክፍል ይወርዳል። ስለዚህ ወተት ጥጃውን ያኖረዋል እንጂ ጨጓራውን ለሥራ አያደርሰውም። የሚያነቃው ማሟያ መኖ ነው፤ ይኸውም መኖው ሲብላላ የሚወጣው አሲድ በጨጓራው ግድግዳ ላይ እንደ ፎጣ ጠጕር ያሉ ጥቃቅን ጣቶች ያበቅላል፤ ኀይል ሰጪው ምግብ ወደ ደም የሚገባውም በእነዚህ ነው።

እንግዲህ እንገሩን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይጥባ። ሁለተኛው ሳምንት ሲገባ የኑግ ፋጉሎ ከፉርሽካ ጋር ደባልቃችሁ በእፍኝ አቅርቡለት፤ ከክብደቱ ሲሦ ያህሉ ፕሮቲን ነው። መጀመሪያ ይልሰዋል እንጂ አይበላውም፤ በጣታችሁ አፉ ውስጥ ጨምሩለት፤ ያደረውንም አንሡ። ንጹሕ ውሃ አይለየው፤ ወተት ትልቁን ጨጓራ ስለሚያልፍ የውሃን ቦታ አይተካም።

እኔ ራሴ ከእርሻ ኮሌጅ እንደ ወጣሁ ሆዱ የተነፋ ጥጃ ሁሉ የጠገበ ይመስለኝ ነበር። ጠጕሩ የቆመ፣ ጀርባው የሾለ ጥጃ ሆዱ ቢነፋ ጥጋብ አይደለም፤ ላልደረሰ ጨጓራ ገለባ ተሰጥቶት ይሆናል፤ ወስፋትም ይሆናልና ለእንስሳት ሐኪም አሳዩት።

ወደ ቡናው ልመለስ። በመከር ጊዜ ከእሸት ቡና ማጠቢያው አጠገብ የሚከመረውን ልፋጭ «የነጻ መኖ ነው» የሚል ሰው አለ። ልፋጩ ካፌይንና ታኒን አለበት። ታኒኑ የመኖውን ፕሮቲን ይይዝበታል፤ ካፌይኑም ሽንት ያበዛል፤ ሥጋ የሚሠራበት ናይትሮጂን ከሽንቱ ጋር ይወጣል። ፋጉሎ ገዝታችሁ በአንድ በኩል የምትሰጡትን በሌላ በኩል ታፈስሱታላችሁ ማለት ነው። በጓቲማላ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተደረገው ምርመራ ልፋጭ ሲበዛ ከብቱ መኖ እንደሚቀንስና ክብደት እንደማይጨምር አሳይቷል። ለደረሰ ከብት እንኳ ደርቆ ከመኖው ሁሉ ከአምስት አንድ እጅ አይበልጥ፤ ለጥጃ ግን ፈጽሞ አትስጡ።

ፋጉሎ ስትገዙም ሰባብራችሁ አሽትቱት። የሻገተው ጉበት የሚጎዳ መርዝ ስላለበት፣ ነጋዴው ዋጋ ቢቀንስላችሁም እዚያው ተዉለት።