ክረምቱ ሳይወጣ ልጆቻችንን ይዘን እንውጣ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብ ሠራተኛዋ የቀረበ ንግግር)



ሁልጊዜ እዚህ የምቆመው የቁጠባና የብድር ሒሳብ ላነብላችሁ ነው። ዛሬ ግን የምናገረው በበጀታችን ውስጥ ትንሿ ስለሆነችው፣ «የልጆች ሽርሽር» ስለምትለው መስመር ነው። ትሰረዝና ገንዘቡ ወደ ሥልጠና ይዙር የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እውነቱን ልናገርና ከሁለት ዓመት በፊት ይህንኑ ሐሳብ መጀመሪያ ያመጣሁት እኔ ነበርኩ።

ያኔ ነሐሴ ላይ 34 ልጆችና 19 እናቶች ሆነን እንጦጦ ወጣን። ስንመለስ ሒሳቡን ሳየው ጠቅላላው 32,250 ብር ነው። አውቶቡስ 7,000፣ ምግብና ውሃ 4,200፣ የቀረው 21,050 ብር ግን ቲሸርትና ባነር ነበር። ልጆቹ ለፎቶግራፍ ባነሩ ፊት ተሰልፈው ሲጠብቁ ዝናቡ መጣ፤ ሳይጫወቱ ወደ አውቶቡሱ ሮጡ። እኔም ሪፖርቴ ላይ «ይህ ወጪ ለአባላት ያስገኘው ጥቅም አልታየኝም» ብዬ ጻፍኩ። ስለዚያ ቀን ዛሬም ቃሌን አላጥፍም።

ሪፖርቱ ሲነበብ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አንዲት እኅታችን ተነሥታ፣ «ቲሸርቱን ሰርዙት፣ ሽርሽሩን ተዉልን» አለች። ልጇ ስምንት ዓመቷ ነው። ያን ቀን ከአውቶቡስ ስትወርድ «እማዬ፣ ሣሩን መርገጥ ይፈቀዳል?» ብላ ጠይቃታለች። ልጅቷ የምታውቀው ሣር የመንገድ አካፋይ ላይ ያለውን፣ አጥር የተሠራለትን ነው። ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ እናቷ ገበያ ስትወጣ በር ተቆልፎባት ቴሌቪዥን ስታይ ትውላለች። ይሄ የእሷ ልጅ ብቻ ታሪክ አይደለም። የእኔም ልጅ ሐምሌን ሙሉ ከስልክ ላይ ቀና አላለም፤ እኔም ቢሮ ስለምውል ስልኩን የሰጠሁት ራሴ ነኝ።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት አሠራሩን ቀየርነው። በነሐሴ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚጥለው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ተነሥተን 7 ሰዓት ሳይሆን ተመለስን። ዳቦው፣ ቆሎውና ቅቅል ድንቹ ከየቤታችን መጣ። የበቆሎ እሸት ወቅቱ ስለሆነ መንገድ ዳር ከሚጠብሱ እናቶች ገዛን። አውቶቡሱ 7,500፣ እሸቱና ውሃው 1,600፣ በድምሩ 9,100 ብር። በመጀመሪያው ዓመት ወጪ ሦስት ጊዜ ወጥተን ገንዘብ ይተርፈን ነበር ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ስለ አንዲት እናታችን ልንገራችሁ፤ እሳቸውም እዚሁ ተቀምጠዋል፣ ፈቅደውልኛል። ስንመዘግብ «እኔ እንጦጦ ለሽርሽር አልወጣም» አሉ። ማኅበሩ ሳይመሠረት ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ከዚያ ተራራ እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው እየወረዱ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። «ዳገቱን ጉልበቴ ያውቀዋል፤ ለመዝናኛ አይሆነኝም» አሉን። እኛም አላስገደድናቸውም። የመጡት የልጅ ልጃቸው ስላለቀሰባቸው ነው።

እዚያ ስንደርስ ለብቻቸው ራቅ ብለው ተቀመጡ፤ ማንም አላናገራቸውም። ቆይተው ልጁን ጠሩና አንድ ድንጋይ አሳዩት። ሸክሙን ከጀርባቸው ሳይፈቱ አስደግፈው ትንሽ የሚያርፉበት ድንጋይ ነበር። አንዴ ከፈቱት ብቻቸውን መልሰው መሸከም አይችሉም። ልጁ «ምን ያህል ይከብዳል?» አላቸው። እሳቸውም የአምስት ልጆች ቦርሳ ሰብስበው ጀርባው ላይ አሰሩለትና «በል ውረድ» አሉት። አሥር እርምጃ ሄዶ ቆመ። «ይሄ ግማሹም አይሆንም» ሲሉት ዝም ብሎ አያቸው። ከዚያ በኋላ እስክንመለስ ድረስ እጃቸውን አልለቀቀም።

ቀኑን ሙሉ አስጎብኚያችን እሳቸው ሆኑ። ወይራውን፣ ጥዱን፣ ኮሶውን እያሳዩ የቱ ለጭስ፣ የቱ ለመድኃኒት እንደሚሆን ነገሩን። ሳማ የትኛው እንደሆነ ሁለት ልጆች ከማስጠንቀቂያቸው በፊት በእጃቸው ተማሩት። የጅብ ጥላ ሲያገኙ ማንም እንዳይነካው አሉ፤ የሚበላውን እንጉዳይ ከማይበላው መለየት የልጅ ሥራ አይደለምና። አንዷ ልጅ «ባሕር ዛፍ ለምን ባሕር ዛፍ ተባለ? ባሕር የለም እኮ» አለች። ከባሕር ማዶ ስለመጣ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባን ከቆረቆሩ በኋላ የአካባቢው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ አልቆ ስለነበር፣ ቶሎ የሚያድገው የአውስትራሊያ ዛፍ መጥቶ ተተከለ። ያ ዛፍ ለብዙ እናቶች ጀርባ ምን ሆኖ እንደከረመ እናታችን ቀጠሉበት፤ እኔ ከዚህ በላይ አልጨምርም።

አደይ አበባም ፈክቶ ደርሶናል። ልጆቹ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ የሚሥሉት ከካርድ ላይ እያዩ ነበር። ያን ቀን ቅጠሉን ቆጠሩት፤ ሰባት ነው፣ ስምንት ነው ብለው ተጨቃጨቁ፤ እንደየአበባው ስለሚለያይ ሁሉም ልክ ነበሩ። የመስቀል ወፍ የሚሏትንም አየን። ሌላ ጊዜ የማናያት ከሀገር ስለምትወጣ አይደለም። ወንዱ የመራቢያው ወቅት ሲደርስ ደማቅ ላባ ያወጣል፤ ወቅቱ ሲያልፍ እንደ ሴቷ ቡናማ ሆኖ ከሌሎቹ ጋር ይቀላቀላል። ይህን ስሰማ እኔም ከልጆቹ እኩል ተገረምኩ።

የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልም አለ። ከ700 ሄክታር በላይ ስፋት አለው፤ የሀገራችን ዛፎች እየተጠበቁ የሚገኙበት ስለሆነ ባሕር ዛፍ ብቻ ለሚያውቅ ልጅ ጥሩ ነው። ወንዝ ዳር ግን በክረምት አንወስዳቸውም። ላይ ዘንቦ እኛ ያለንበት ብራ ሳለ ደራሽ ሊመጣ ይችላል፤ የከተማችን ወንዝ ውሃም ለልጅ እግር የሚሆን አይደለም። መብረቅ ካለ ዛፍ ሥር አንጠለልም፤ አውቶቡሱ አጠገባችን ይቆማል። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ በነሐሴ ብርዱ ያንቀጠቅጣል፤ ባለፈው ዓመት ሹራብ የረሱትን በነጠላችን ጠቅልለን ነው የመለስናቸው።

ለደጋፊዎቻችን በአክብሮት የምለው አለኝ። ሥልጠናው ያስፈልገናል፤ የልብስ ስፌቱም የሒሳብ አያያዙም ይቀጥል። ግን አርማችሁን በልጆቻችን ደረት ላይ ካላየን አትበሉን። ደረሰኙን አንድም ሳላስቀር አቀርባለሁ፤ ከፎቶግራፉ ይልቅ ልጆቹ የሣሉትን ሥዕል እንልክላችኋለን። መስመሯን ካልሰረዛችሁብን የምንጠይቃችሁ 9,100 ብር ላይ የዘንድሮውን የአውቶቡስ ኪራይ ጭማሪ ነው። ጭማሪው ስንት እንደሆነ ሦስት ቦታ ጠይቄ ዋጋውን ይዣለሁ፤ ከስብሰባው በኋላ ማየት ትችላላችሁ።

የዘንድሮው ጉዞ ጳጉሜ ከመግባቱ በፊት ባለው የመጨረሻ ቅዳሜ ይሁን የሚል ሐሳብ አቅርበናል። ጉባኤው ካጸደቀው ከቢሮው በር ላይ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል እንነሣለን። ቦቲ ያለው ቦቲ፣ የሌለው ቅያሪ ካልሲና ላስቲክ ይያዝ። ሹራብ እንዳትረሱ። ምዝገባው እኔ ጋ ነው፤ አንደኛ የተመዘገቡት እናታችን ናቸው፣ ዘንድሮ ሁለት የልጅ ልጆች ይዘው።