የማይሰማ ድምፅና የልጆች አጥንት

 

የልጅ ቅልጥም የሚረዝመው ከመሐሉ አይደለም፤ ከጫፉና ከጫፉ አጠገብ ነው። እዚያ ቦታ ልም አጥንት አለ። ልም አጥንት ማለት ጆሯችንን ስንነካው እንደምናገኘው ዓይነት፣ ልስልስ ያለ ነው። እሱ እየተባዛ፣ እየጠነከረ አጥንት ይሆናል። ዕድገት ሲያበቃ ሁሉም ይጠነክራል። በዚህ ሴቶች ልጆች ወንዶቹን ይቀድማሉ።

አልትራሳውንድ ደግሞ ድምፅ ነው። ጆሯችን የሚሰማው በሴኮንድ እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ነው። ለሕመም ማስታገሻ የሚውለው ግን 1 ሚሊዮን ወይም 3 ሚሊዮን ጊዜ ይርገበገባል። ታዲያ እንዴት ይሰማል? ባለሙያው ቆዳውን ቅባት ቀብቶ የመሣሪያውን ራስ ያንሸራሽረዋል። ድምፁ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሙቀት ይሆናል። አጥንት ከሥጋ ይበልጥ ድምፁን ይውጣል፤ ቶሎም ይግላል። ራሱ አንድ ቦታ ከቆመ ያቃጥላል።

ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች፣ ብርቱ ድምፅ የማደጊያውን ልም አጥንት ሲጎዳ ታይቷል። ልም አጥንቱ የተጎዳ እግር ሊያጥር ወይም ሊጣመም ይችላል። በልጅ ላይማ ይህን ማን ይሞክራል! ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ የልጅ አጥንት ጫፍ ላይ ብርቱውን ድምፅ አያሳርፍም። ልጃችሁን ጉልበቱን አሞት ወደ ሕክምና ብትወስዱት፣ «ዕድሜው 12 ነው፤ ገና እያደገ ነው» በሉ። መጠየቅ ነውር የለውም።

እርጉዝ እናቶች ፅንሱን የሚያዩበት አልትራሳውንድ ግን ሌላ ነው። እሱ ለማየት እንጂ ለማሞቅ አልተሠራም፤ ኃይሉም ያነሰ ነው።